ዓይን ውስጥ የገባው ጥቁር አዝሙድ

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. ነው። ቅመም ነጋዴው ኸድር ከመቀሌው ዓዲ ሓቂ ሰፈር ወደ ሱቁ ሲወርድ፣ የጎረቤቱ የጀላሉ ልጅ ረምላ ከፊቱ ድቅን አለች። ረምላ ነርስነት ተምራ ዓይን ክሊኒክ የተቀጠረች ልጅ ናት። ኸድር ደግሞ ከወሎ መጥቶ መቀሌ ላይ ሃያ ዓመት ቅመም የሸጠ፣ ሐኪም ቤት ሲባል ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው።

«አሰላሙ ዓለይኩም ጋሽ ኸድር። ባለቤትዎ እትዬ ዙሀራ ደህና ናቸው?»

«ወዓለይኩም ሰላም ልጄ። ቀኝ ዓይኗን ትንሽ አሟታል። ግን አብሽሪ፣ ይኸው ስድስት ወር ሆነኝ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠዋት ማታ እጨምርላታለሁ።»

ረምላ ክው አለች። «ዓይናቸው ውስጥ?»

«ታዲያ የት ላድርገው? ነቢያችን ከሞት በቀር ለሁሉም መድኃኒት ነው ብለው የለ! ወላሂ፣ እንዴት እንደሚያቃጥላት ብታይ! በሽታውን ሲነቅለው እኮ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔም ሙስሊም ነኝ፤ ቃሉን አልክድም። ዓይን ውስጥ አፍስሱት ሲባል ግን የት ሰሙ? በወጥም በዳቦም ይብሉት። የዓይን ጠብታ ከጀርም የጸዳ፣ ልኩ የታወቀ መሆን አለበት። ለመሆኑ ዘይቱን እንዴት ነው የሚያወጡት?»

«ወቅጬ በጨርቅ እጨምቀዋለሁ።»

«በየትኛው ሙቀጫ?»

«በዚያው በበርበሬው...» አለ ኸድር። ቀጥሎም «አጥቤው ነው እኮ» አለ፤ ድምፁ ግን ለራሱም አልተሰማውም።

«ቀኝ ዓይናቸው ያያል?»

«አልጠየቅኳትም።»

አይ የኛ ነገር! መድኃኒቱን እያወደስን በሽተኛዋን መጠየቅ እንረሳለን። ኸድር ያን ቀን ሱቁን ሳይከፍት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግስቱ ዙሀራን ክሊኒክ ወሰዳት። ሐኪሙ መርምሮ እውነቱን ነገራቸው። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት በዝቶ የቀኝ ዓይኗን ነርቭ ገድሎታል፤ አይመለስም። ዘይቱ በላዩ አቆሰለው እንጂ በሽታውን አልነካውም፤ ይልቅስ ስድስት ወር አስረፈደባት። ግራው ግን የታዘዘላትን ጠብታ በየቀኑ ሳታቋርጥ ከጨመረች ይተርፋል።

ከክሊኒኩ ሲወጡ ኸድር ደጅ ላይ አለቀሰ። «ዙሀራ፣ ያን ያህል ሲያቃጥልሽ ምነው ዝም አልሽ?»

«ስትለፋልኝ እያየሁ፣ አልተሻለኝም ማለት አቃተኝ» አለችው።

ዙሀራ ጠብታዋን ሳታጓድል ይኸው ዛሬም ክር በመርፌ ታስገባለች፣ ገበያም ብቻዋን ደርሳ ትመለሳለች። ኸድርም ጥቁር አዝሙዱን መሸጥ አልተወም፤ ለዓይን ነው ያለውን ሰው ግን እንዲህ ይለዋል፦

«ለወጥ ከሆነ ልስፈርልህ። ለዓይን ከሆነ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ። የሚስቴን አንድ ዓይን ሐኪም አተረፈው፤ ሌላውን ያስረፈድኩት እኔ ነኝ።»