እንሰቱን ያጠወለገው

በ2002 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ተነስቼ ደጋው ላይ ገረሴ የሚያስተምር ወዳጄን ልጠይቅ ሄድኩ። ከገበያው በላይ ባለው መንገድ ሳዘግም አንዲት ወጣት "መምህር!" ብላ ጠራችኝ። ለመሰናዶ ወደ ከተማ በወረደች ጊዜ ባዮሎጂ ያስተማርኳት ሰሊሆም ወልደሥላሴ ነበረች፤ አሁን ያንኑ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታጠናለች። ዓይኖቿ በልቅሶ ቀልተዋል።

"ጎረቤታችን ጋሽ ዳልጮ እንሰታቸው ጠውልጎ ሊያልቅባቸው ነው" አለችኝ። "ያደረቀው የአባቴ ዓይን ነው ብለው ነገ በዱቡሻው ሸንጎ ላይ ሊከሱት ሽማግሌዎች አስጠርተዋል። ይህ ቃል አንዴ በአደባባይ ከወጣ ማን ይጎራበተናል? እባክዎ ያነጋግሩልኝ።"

"አብሬሽ እሄዳለሁ፤ የምታነጋግሪያቸው ግን አንቺው ነሽ" አልኳት።

አቶ ዳልጮን ያገኘናቸው ጓሯቸው ውስጥ ቆመው ነው። ቢጫ የሆኑት የእንሰት ቅጠሎች እንደተሰበረ ክንፍ ተንጠልጥለዋል። ሽማግሌው ቢቆጡም እንግዳን አያሳፍሩምና በርጩማ አስመጡልኝ።

"አባትሽ ልኮሽ ከሆነ ግን በከንቱ ደከምሽ፣ ልጄ" አሏት።

"መምጣቴንም አያውቅም፣ ጋሽ ዳልጮ። የእንሰቱን በሽታ ልነግርዎ ነው።"

"በሽታውንማ አውቀዋለሁ! አባትሽ እዚህ አጥር ላይ ተደግፎ 'እንዴት ያለ እንሰት ነው!' አለ። ከዚያ ወዲህ ነው የጠወለገው። ቆጮ ከሌለ ልጆቼን ምን አቃምሳለሁ?"

ድምፃቸው ተሰበረ። ያናገራቸው ክፋት ሳይሆን ፍርሃት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የሚያሰጋ ነገር ሲደርስብን በደለኛ ፍለጋ መነሳት የሁላችንም ጠባይ ነው።

ሰሊሆም ወደ አጥሩ ጠጋ አለች። "የአባቴ ዓይን ከሆነ፣ እዚሁ አጥሩ ሥር ያሉት ለምን ለመለሙ? የጠወለጉት በቤቱ በኩል ያሉት ናቸው።"

ሽማግሌው ግራና ቀኝ አዩ። "ዓይን የወደደውን ይመርጣል" አሉ፤ አነጋገራቸው ግን ላላ።

"ለከብት ቅጠል የሚቆርጡት ከየትኞቹ ነው?"

"ለቤት ከሚቀርቡት።"

"በምን?"

"በዚሁ ወገቤ ላይ በሻጥኩት ቢላ ነዋ።"

"ቢላው የታመመ እንሰት ቆርጦ ያውቃል?"

"አማቶቼ ዘንድ እንሰት ጠውልጎባቸው ስናግዛቸው..." አሉና ቢላውን መዘው አዩት።

ሰሊሆም ከጠወለጉት አንዱን አስቆረጠቻቸው። ከግንዱ ቁራጭ ላይ መግል የመሰለ ፈሳሽ ወጣ።

"የእኔም የእርስዎም አካል፣ የእንሰቱም ግንድ፣ ሴል በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው" አለች። "ባክቴሪያ የሚባለው ፍጥረት ግን መላ አካሉ አንዲት ሴል ብቻ ናት። ትንሽ ይሁን እንጂ ሕይወት አለው፤ ይመገባል፣ ያድጋል፣ ለሁለት እየተከፈለ ይራባል። ሁሉም ጎጂ አይደለም፤ ይህኛው ግን የእንሰት ጠላት ነው። እግርም ክንፍም ሳይኖረው ከግንድ ወደ ግንድ የሚያሻግረው ቢላው ነው።"

"ያላየሁትን እንዴት አምናለሁ?"

"የአባቴ ዓይን ሲያደርቀውስ አይተዋል? እኔ የምልዎትን ግን ማየት ይችላሉ።"

ወዳጄ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ነበርና ሦስታችንም ወደዚያው ሄድን። ሰሊሆም ከታመመው እንሰት አንድ ጠብታ፣ ከጤነኛውም አንድ ጠብታ አዘጋጀች። አቶ ዳልጮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። ጥቂት ቆዩና ድንገት ቀና አሉ።

"ይርመሰመሳሉ!"

"አሁን ደግሞ የጤነኛውን ይዩ።"

"እዚህስ የሚንቀሳቀስ የለም።" ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። "እንግዲህ በገዛ እጄ ነዋ የዘራሁት!"

"ሳያውቁ ነው፣ ጋሽ ዳልጮ። የታመመውን ከነሥሩ ነቅለው ርቆ በተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት። ከብትም አይብላው። ቢላውን ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ሲሄዱ በእሳት ይለብልቡት። የቀረው ይተርፋል።"

በማግስቱ ዱቡሻው ላይ እኔም ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ በሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ የሰሊሆም አባት አቶ ወልደሥላሴ አንገታቸውን ደፍተዋል። አቶ ዳልጮ ተነሱ።

"የጠራኋችሁ ጎረቤቴን ልከስ ነበር" አሉ። "አሁን የቆምኩት ይቅርታ ልጠይቀው ነው። እንሰቴን የገደለው በቢላዬ ላይ የመጣ በሽታ ነው። ወንድሜን ግን እኔ በምላሴ ልገድለው ነበር።"

አቶ ወልደሥላሴ ብድግ ብለው አቀፏቸው። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ዶማ ይዘው የታመመውን ሲነቅሉ ዋሉ።

በዓመቱ ስመለስ የአቶ ዳልጮ ጓሮ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። በሰፈሩ ቢላ ሳይለበልብ እንሰት የሚቆርጥ አልነበረም። የአንዱ ጓሮ በሽታ ወደ ሌላው መሻገሩ ቀንሶ፣ ብዙ ቤተሰብ ቆጮውን ሳያጣ ከርሟል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን የሰው ሐሜት መቀነሱ ነው። ዕውቀት የተራበን ያጠግባል፤ የተጣላንም ያስታርቃል።

ከአቶ ዳልጮ ጋር ተቀምጠን ስንጫወት አንድ ጎረቤት እየሮጠ መጣ። "ላሜ መብላት አቆመች፤ ማን እንደነካት እንጃ!" አለ።

አቶ ዳልጮ ከዘራቸውን አንስተው ተነሱ። "ማንን ተወውና ምን እንደነካት እንይ" አሉት፤ ፊት ፊቱንም እየመሩ ወደ በረቱ ሄዱ።