ወደ አዴ ድንቅቱ ደጃፍ የዞረው ፓውዛ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ድንቅቱ ነገራ
ዕድሜ፦ 52
አድራሻ፦ ባኮ ከተማ፣ 02 ቀበሌ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ፤ በአቶ ሆርዶፋ ቀንዓ የዓሳ ገንዳ ላይ የሚበራውን ፓውዛ ማታ ማታ ወደ ቤቴ ሳዞር የነበርኩት እኔ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ተጠርጥሮ የታሰረው የገንዳዎቹ ጥበቃ ጂራ ጉርሙ የጀነሬተሩን ናፍጣ አልሸጠም፣ መብራትም አላጠፋም።

አቶ ሆርዶፋ ቆሮሶ ዓሳ የሚያረባው ከአጥሬ ማዶ ባሉ ሦስት የሲሚንቶ ገንዳዎች ነው። ዓሳው ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን ካገኘ ገና ሳያድግ እንቁላል አይዝም፣ የሚበላው ሁሉ ሥጋ ይሆነዋል ብሎ በየገንዳው ላይ ፓውዛ አስተከለ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ማስነሳት የጂራ ሥራ ነው።

እኔ ቤት የመብራት ቆጣሪ የለም። ባለቤቴ ታሞ ሳለ የሚቀባውን መድኃኒት አጠጥቼዋለሁ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አልችልም ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ፊደል ብቻዬን ተማርኩ። ቀን ገበያ ስለምውል የማነበው ማታ ነው። ከመስከረም ጀምሮ በአጥሩ ክፍተት ረጅም እንጨት አሾልኬ ለአጥሬ የሚቀርበውን የዳረኛውን ገንዳ ፓውዛ አንገት ወደ ደጃፌ እገፋ ነበር። ይህን ያህል ዘወር ማለቱ ዓሳውን ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። ጂራ ጠዋት ሲያቃናው እየሳቀ፣ «አዴ፣ ይሄ ነፋስ እኮ እርስዎን ነው የሚወደው!» ይለኝ ነበር። ማወቁን ተረድቻለሁ፤ ለአሠሪው ግን አልነገረብኝም።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት አቶ ሆርዶፋ በዳረኛው ገንዳ መረብ ሲጥል፣ መዳፍ የማይሞሉ ዓሳዎች እንቁላል በአፋቸው ይዘው አገኘ። «ራሳቸው ልጅ ሆነው ልጅ ታቅፈዋል! ናፍጣዬን ሸጠህ በጨለማ አሳደርካቸው!» ብሎ ጂራ ላይ ጮኸ። ጂራ፣ «ኦቦ፣ አንድም ሌሊት አልጨለመባቸውም» ከማለት በቀር ስሜን አላነሳም። እኔም ከአጥሩ ሥር ይህን ሁሉ ሰምቼ ወደ ገበያዬ ሄድኩ።

አሁን ግን በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ጀነሬተሩ ሳይነሳ ቀርቶ ቢሆን ሦስቱም ገንዳ ይጨልም ነበር። ፓውዛቸው ያልዞረባቸው የሌሎቹ ሁለት ገንዳዎች ዓሳዎች እንቁላል አልያዙም፤ የተጠራጠረ ሰው መረብ ጥሎ ይይ። መብራት በጠፋባቸው ሌሊቶችም ጀነሬተሩ እየጮኸ አንብቤአለሁ። የጨለመው በእኔ ወገን ያለው ብቻ ነው፤ ያጨለምኩትም እኔ ነኝ። ለደረሰው ጉዳት የምጠየቀው እኔ ልሁን።

ቃሌን የጻፈው ሳጅን ፊራኦል ሊያነብልኝና በጣቴ ሊያስፈርመኝ ቀለም አቀረበ። ወረቀቱን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች ራሴ አነበብኩት። ካልኩት የጎደለም የተጨመረም የለበትም፣ እውነት ነው፤ በእስክሪብቶ ፈርሜአለሁ። ገጾቹ ለወረዳው ዐቃቤ ሕግ ይላካሉ። አንዱ ቅጂ በጥያቄዬ መሠረት በጣቢያው ማረፊያ ቤት ላለው፣ ስሜን ላላነሳው ለጂራ ጉርሙ ይሰጣል።

የምስክር ፊርማ፦ ድንቅቱ ነገራ
ቃል የተቀበለው፦ ሳጅን ፊራኦል ጀቤሳ