በሳዳ ፎርም ላይ የጎደለው ፊርማ

ሐጂ ዓሊዪ ሱቄ የገቡት የመሬት ደብተራቸውን ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት ነበር። ከሐረር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ሶፊ ጫት የሚያበቅሉ ገበሬ ናቸው፤ ወደ ከተማ የሚወጡት በገበያ ቀን ብቻ ነው። ዘወትር የሚሄዱበት ቤት ማሽኑ ተበላሽቶበት ኖሮ፣ የፈረስ መጋላን አደባባይ አቋርጠው እኔ ጋ መጡ። ደብተሩን ተቀብዬ ወደ ማሽኑ ስዞር እሳቸው ከጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አንስተው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ወረቀቱ ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶግራፍ የልጃቸው ነበር።

«ይቺ ልጅ የኔ ናት» አሉ።

ሰዓቴን አየሁ። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ልጃቸው ሳዳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልትመጣ ተቀጣጥረናል፤ አባቷም ስለዚህ ነገር አንዳች እንዳያውቁ አደራ ብላኝ ነበር።

ስሜ ቤዛ ነው። አባቴ ወታደር ሆኖ ሐረር ተመድቦ መጣ፤ እዚሁም አረፈ። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ ኮምፒዩተሩን ያለ አስተማሪ፣ አንዱን ቁልፍ ስነካ ሌላው እየተበላሸብኝ የተማርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ባለ ዲግሪዎች ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ይህን የምናገረው ለመኩራት ነው፤ አልክድም። ግን ደግሞ ቀጥሎ የምናዘዘው ስህተት ከየት እንደመጣ እንድታውቁልኝ ነው።

«ምን የሚሉት ትምህርት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አቪዬሽን ነው፣ ሐጂ። የአውሮፕላን ሥራ። ሆስተስነት በስድስት ወር ያስተምራሉ።» ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ አሳየኋቸው። ቀይ ኮፍያ ያደረገች ቆንጆ ልጅ ከአውሮፕላን ክንፍ ሥር ቆማ ትስቃለች።

«ሆስተስ ማለት ሰማይ ላይ ኸምር፣ የሚያሰክር መጠጥ የምታድለዋ ናት።»

«ውኃም ታድላለች» አልኩ።

ባልቀልድ ይሻለኝ ነበር። ሐጂ ፎርሙን አጥፈው በእጃቸው ያዙት እንጂ አልመለሱትም።

«አንቺ ልጅ፣ አባት እንዳላት ታውቂያለሽ?»

«ስምዎን እኔው ነኝ የጻፍኩት። ሳዳ ዓሊዪ።»

«ስሜን ጽፈሽ እኔን ሳትጠይቂ?»

በርጩማ አቀረብኩላቸው፤ ተቀመጡ። ከፎርሙ ግርጌ «የወላጅ ፈቃድና ፊርማ» የሚለው ቦታ ባዶውን ነበር። ሳዳ አጎቷን ልታስፈርም አስባ እንደነበር እሳቸው አላወቁም፤ እኔም አልነገርኳቸው።

«እኔ ለእሷ ያሰብኩት የመምህራን ኮሌጅ ነው» አሉ ሐጂ። «እዚሁ ገብታ፣ እዚሁ ተመርቃ፣ ማታ ማታ ቤቷ የምትገባበት። አዲስ አበባ ሄዳ ብትታመም ማን ይጠይቃታል? አውሮፕላኑስ ቢወድቅ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከሐጅ በምን ተመለሱ?»

«በአላህ ፈቃድ።»

«አሜን። በምን ተሳፍረው?»

ትንሽ ፈገግ አሉ። «በአውሮፕላን።»

«በየቀኑ የሚቆርጡት ጫትስ? ድሬዳዋ ደርሶ የሚጫነው በምንድነው? ቤትዎ የሚበላው በአውሮፕላን ነው እኮ። እርስዎ ሲሳፈሩበት ደኅና፣ ጫትዎ ሲሳፈር ደኅና፣ ልጅዎ ልሥራበት ስትል ወደቀ? አቦ፣ ይህ እንኳ ልክ አይደለም።»

አንደበተ ርቱዕ የሆንኩ መሰለኝ። እሳቸው ግን በሩን እያዩ በዝግታ ተናገሩ።

«የጎረቤቴን የዓብዱላሂን ልጅ፣ ሙክታርን ታውቂዋለሽ? ኢንጂነር ነው። እሱ ሲመረቅ አባቱ በሬ አርዶ አገር ጠራ። ዛሬ ከፈላና በር እዚህ ድረስ በባጃጅ ያመጣኝ እሱ ነው። ሒሳብ ልስጥህ ስለው አልቀበልም አለኝ። ወላሂ፣ ለእሱ እኔ አፈርኩለት። አንቺ የምታወሪልኝ ስለ አውሮፕላን ነው፤ እኔ የምፈራው መሬት ላይ ያለውን ነው። ተምራ፣ ደክማ፣ ከዚያ ሥራ አጥታ ቤቴ ስትቀመጥ ፊቷን እንዴት ነው የማየው?»

ሽማግሌዎች ሴት ልጅን ከትምህርት የሚከለክሉት ባለማወቅ ነው እያልኩ ስንቱን ሰው ተከራክሬያለሁ። እኚህ ግን የሚፈሩት እኔም ሌሊት ተኝቼ የምፈራውን ነበር። ቢሆንም ወደ ኋላ ማለት አልወደድኩም።

«ኮሌጁ ሥራ እናስገባለን ብሏል» አልኩ። «ማስታወቂያው ላይ አለ።»

«እሺ። እሥሩን ፍቺልኝ።»

«ምን?»

«ጫት እንዴት እንደሚገዛ አታውቂም? ለምለሙ ከላይ ይታሰራል፤ የጠወለገው ከመካከል ይገባል። እኔም አንዳንዴ አድርጌዋለሁ፤ አስታግፊሩላህ። ለዚህ ነው ነጋዴ እሥሩን ሳይፈታ፣ መሐሉን በጣቱ ሳይዳብስ የማይገዛው። ይቺ ባለ ቀይ ኮፍያ ከላይ የታሰረችው ናት። መሐሉን አሳይኝ።»

ስልኬን አውጥቼ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥር ደወልኩ፤ ድምፁንም ከፍ አደረግኩት። እርግጠኛ ነበርኩ። አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወንድ አነሳ። ሐጂ ጥያቄውን እየነገሩኝ እኔ አቀበልኩ።

«የምትሰጡትን የምስክር ወረቀት የሚያውቀው ማነው?»

«ዓለም አቀፍ ነው፣ እህቴ።»

«ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዕውቅና አላችሁ?»

«በሂደት ላይ ነው።»

«ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች ሥራ የያዘች የአንዷን ስልክ ይሰጡናል?»

«የተማሪ መረጃ ምስጢር ነው።»

«ልምምዱስ በምን ላይ ነው?»

«ዘመናዊ ቪዲዮ አለን።»

ሐጂ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «እኔ ጫት በቪዲዮ አልሸጥም» አሉትና ዝጊው የሚል ምልክት ሰጡኝ።

ለዚህ ኮሌጅ አሥራ አንድ ልጆችን በገዛ እጄ መዝግቤያለሁ፤ አንዷም እሥሩን ፍቺው አላለችኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ፊደል ስለምለቅም ብቻ ወረቀት አያታልለኝም ብዬ ነበር።

ሐጂ ብድግ አሉ። «በቃ። የመምህራን ኮሌጅ ትገባለች።»

ሳዳ በሩ ላይ የደረሰችው በዚህ ጊዜ ነው። አባቷን ስታይ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንደሆነ ቀረች። ውጭ የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ።

«ግቢ» አሉ ሐጂ። «ሰው እንዳያየን።»

«አባ፣ ልነግርህ ነበር።»

«መቼ? ከአውሮፕላኑ ላይ ሆነሽ?»

ሳዳ እጇን ሻርፗ ውስጥ ደበቀች። ከዚያ ወደ እሳቸው ሳይሆን ወደ እኔ ዞረች። «እኔ መጀመሪያ የጠየቅኩሽ ስለ ጥገናው ነበር። አንቺ ነሽ ‹ያ የወንዶች ነው፤ ላንቺ ሆስተስ ያምርብሻል› ያልሽኝ።»

እውነቷን ነው። አዲስ አበባ ለሚገኘው የአውሮፕላን ጥገና ትምህርት ቤት የስድስት ወንዶች ፎርም ሞልቻለሁ። እሷ ስትጠይቀኝ ግን ቁመቷንና ዓይኗን አይቼ ፍርዴን ሰጠሁ። ስንት ዘመን ሽማግሌዎችን ስኮንን የኖርኩ ሴት፣ ከሁሉም የባሰውን የሽማግሌ አስተሳሰብ ለካ እኔ ነበርኩ የያዝኩት።

«ጥገና?» አሉ ሐጂ። «ሞተር?»

«አዎ፣ አባ።» ወደ ውስጥ ገባች። «የእርሻውን የውኃ ሞተር ባለፈው በጋ ማን ነው ያደሰው?»

ታሪኩን በኋላ ነው የሰማሁት፤ ጫቱ በውኃ እጦት ሊጠወልግ ሦስት ቀን ሲቀረው ሳዳ ሞተሩን ፈትታ፣ የተዘጋውን ቧንቧ አጽድታ አስነሳችው። አባቷ ግን ለጎረቤት ሁሉ ኒቆዲሞስ የሚባል መካኒክ ከከተማ መጥቶ ሠራው ብለው አወሩ።

«ምን ልበል?» አሉ ሐጂ ለእኔ የሚናገሩ መስለው። «ልጃገረድ ናት። ዘይት ተቀብታ ሞተር ሥር ተኝታ አየናት ይሉኛል። ማን ያገባታል?»

«ኒቆዲሞስን እኔ አላውቀውም፣ አባ። አንተም አታውቀውም» አለች ሳዳ።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። የጥገና ትምህርት ቤቱ ምዝገባ በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ አውቅ ነበርና ቸኮልኩ። «ሐጂ» አልኩ፤ «ቅድም ያሞኘሁዎት ሳልፈታ ስላቀረብኩ ነው። ይኸኛውን፣ የጥገናውን ትምህርት ቤት፣ አብረን እንፍታው። የጠወለገ ካለው ወረቀቱን ራሴ እቀድደዋለሁ።»

የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑን መዝገብ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈትኩ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይጠፋል። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ዕውቅና ካላቸው መካከል የጥገና ትምህርት ቤቱ ስም ወጣ፤ የባለ ቀይ ኮፍያዋ ኮሌጅ ግን የለም። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያ ለጽጌሬዳ ደወልኩ። ፈላና በር ያደገች የመምህር ልጅ ናት፤ በዚያው የጥገና ትምህርት ቤት ተምራ አሁን የአውሮፕላን መጠገኛው ውስጥ ትሠራለች። ስታነሳ ከኋላዋ የማሽን ጩኸት ይሰማል።

«አንድ አባት ሊጠይቁሽ ይፈልጋሉ፤ አትሸንግያቸው» አልኳት።

አልሸነገለቻቸውም። መግቢያ ፈተናው ከባድ ነው፣ ፊዚክስና ሒሳብ ይጥላል፣ የጤና ምርመራ አለ አለች። ትምህርቱ እንዳለቀ ፈቃድ አይሰጥም፤ ሥራ ላይ ቆይቶ ሌላ ፈተና አለ። ክፍሏ ውስጥ ሴቶቹ አራት ብቻ ነበሩ። የሌሊት ፈረቃ አለ፤ እጅ ይሻክራል።

«ሻርፕስ ያስወልቃሉ?» አሉ ሐጂ።

«ጠበቅ አድርገው አስረው የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ። የተንጠለጠለ ነገር ነው የሚከለከለው፤ ወንድም ቢሆን ክራቫት አያደርግም።»

«ሁሉም ሥራ ያገኛል?»

«ሁሉም አልልዎትም። ግን አውሮፕላን ሳይፈተሽ አይነሳም፤ ሳይጠገንም አያድርም። ፈቃድ ያለው ሰው ውጭ አገር እንኳ ይፈለጋል።»

ሐጂ ትንሽ አሰቡ። «የሠራሽውን በደንብ መሥራትሽን ማን ያውቃል?»

«እፈርምበታለሁ። አንዲት ብሎን ባጠብቅ ያጠበቅኩት እኔ መሆኔን ስሜን ጽፌ እፈርማለሁ። ከዚያ ሌላ ሰው ፈትሾ ይፈርማል። ያልተፈረመበት አይበርም።»

«በራስሽ ስም?»

«በማን ስም ልፈርም፣ አባቴ?»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሐጂ ሳዳን ለረጅም ጊዜ አዩአት። አስቀድሞ እጇን የደበቀችበትን ሻርፕ በጣታቸው ገለጥ አደረጉት። ጥፍሯ ሥር የቀረ ጥቁር ነገር ነበር።

«ይህ ምንድነው?»

«የጎረቤታችን የዓሊማ ወፍጮ ቆሞባት ነበር» አለች ሳዳ መሬት መሬት እያየች። «ትናንት።»

«ተነሳ?»

«ተነሳ።»

«እና ማን ሠራው አለች?»

«ኒቆዲሞስ።»

ሐጂ ፊታቸውን በመዳፋቸው አሸት አሸት አደረጉ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አልለየሁትም። «ውሸቱን እኔ ጀመርኩት፤ አገሩ ሁሉ ተቀበለኝ» አሉ። «ልጄ፣ ፈተናውን ብትወድቂስ?»

«የመምህራን ኮሌጅ እገባለሁ፤ እምላለሁ።»

«አትማይ። እሺ በይ ብቻ።»

«እሺ፣ አባ።»

አዲስ ፎርም አወጣሁ። ሳዳ እየነገረችኝ ሞላሁ፤ ጣቴ እየተጣደፈ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ፊርማው ዘንድ ስንደርስ አሥር ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኗል። ሐጂ እስክሪብቶውን ይዘው ቆም አሉ።

«በዐረብኛ ይሆናል?»

«ፊርማ ፊርማ ነው፣ ሐጂ።»

ቀስ ብለው፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ስማቸውን ጻፉ። ወረቀቱን ስካን አድርጌ ላኩት። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለችው ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ሦስታችንም አፍጥጠን እናያለን። ሐጂ በከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋሉ፤ እኔ በሆዴ ቴሌን እራገማለሁ። አሥር ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚለው መጣ። ሳዳ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

ሐጂ የመሬት ደብተራቸውን ሳይረሱ ወሰዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ያንን ስዕል ግን ከግድግዳሽ አንሺው» አሉኝ።

አነሳሁት። በማግሥቱም ለአሥራ አንዱ ልጆች አንድ በአንድ ደወልኩ። ሁለቱ ሰደቡኝ፤ አንዷ አለቀሰች፤ የቀሩት ገና ስላልጀመሩ ተረፉ። ስድቡ ይገባኛል። ሰው የሚማርበትን ቦታ የሚመርጥበት መንገድ ቤተሰብን ያነሳል፣ ይጥላልም። ዕውቅናውን መዝገብ ላይ ማየት፣ ከዚያ የወጣ ሰው ፈልጎ መጠየቅ፣ ምን ላይ እንደሚለማመዱ ማወቅ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ያልጠየቀ ግን ዓመታቱን ይከፍላል። ልጅን ደግሞ ቀድሞ እጇ የሚችለውን አይቶ መምራት እንጂ፣ ዓይኗን አይቶ ሆስተስ፣ ሴትነቷን አይቶ አስተማሪ ማለት ለማንም አልበጀም። ይህን ለወላጆች እላለሁ፤ ከወላጆች በፊት ግን ፎርም ሞልተን ለምናድር ለእኔ ዓይነቶቹ እላለሁ።

ሳዳ ፈተናውን ድሬዳዋ ሄዳ ተፈተነች። ውጤቱ ገና ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ከፍቼ አያለሁ።

ባለፈው የገበያ ቀን ሐጂ ዓሊዪ ጎረቤታቸውን፣ የባጃጁን ልጅ አባት ዓብዱላሂን አስከትለው መጡ። ዓብዱላሂ ታናሿን ልጃቸውን ይዘዋል፤ ኪሳቸው ውስጥ የሌላ ኮሌጅ ማስታወቂያ አለ። ሐጂ ወረቀቱን ተቀብለው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ፍቺላቸው» አሉኝ።

እኔ ስልክ እስክደውል ሁለቱ ሽማግሌዎች በሩ ሥር ቆመው ያወራሉ። «ስማኝማ» ይላሉ ሐጂ፤ «ባለፈው በጋ ሞተሬን ያደሰው ኒቆዲሞስ ነው ያልኩህ፣ ውሸት ነው። ሳዳ ናት።»

ስልኬን ይዤ ጆሮዬን አቆምኩ።

«የኔ ሞተር ከቆመ ሁለት ሳምንቱ ነው» አሉ ዓብዱላሂ። «ሳትሄድብን ላካት።»