ላብ ሌላ፣ ስብ ሌላ

ጋሽ ዓዋሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቦክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ቀን በምድር ባቡር ወርክሾፕ ብረት ሲበይዱ ይውሉና ከሥራ ሲወጡ ጓንት ያጠልቁ ነበር። ዛሬ ጉልበታቸው ታሞ በከዘራ ቢሄዱም፣ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ወጣቶች ያሠለጥናሉ። ሰው የሚያከብራቸው በእውቀታቸው ነው፤ የሚፈራቸው ደግሞ አንድ ነገር ካመኑ ወዲያ ፈቀቅ ስለማይሉ ነው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሙስአብ የተባለውን ቦክሰኛቸውን አስከትለው ቀፊራ ገበያ ወዳለ የእህል መደብር ገቡ። ሙስአብ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት የሚሠራ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ በሚደረገው የከተማው ውድድር በስልሳ ኪሎ ሊጋጠም ተመዝግቧል፤ ክብደቱ ግን ስልሳ አምስት ነው። ስለዚህ ጋሽ ዓዋሌ ከሹራቡ ሥር ላስቲክ ጠቅልለውበት በድሬ ፀሐይ ሲያስሮጡት አረፈዱ። ከዚያም ጠብታ ውሃ ሳያቀምሱት ማሽላ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አወጡት።

«ስልሳ ሦስት!» አሉ። «አቦ፣ በአንድ ጠዋት ሁለት ኪሎ! ይሄ ነው ሥራ ማለት።»

የሙስአብ ከንፈር ተሰነጣጥቋል፤ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቋል። የተናገረችው ከኋላቸው ተራ የምትጠብቅ ሴት ናት።

«ጋሽ ዓዋሌ፣ እንደምን አረፈዱ?»

ዞር ሲሉ ልባቸው ድንግጥ አለ። የዓብዩ እህት ኢስታር ናት። ዓብዩ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ካሠለጠኗቸው ልጆች ሁሉ የላቀው ቦክሰኛ ነበር። ለውድድር ሊመዘን ሁለት ቀን ሲቀረው ላስቲክ ለብሶ ሲሮጥ ወደቀ፤ ሆስፒታል ገባ፤ ኩላሊቱ ተጎድቶ ቦክስ በዚያው ቀረ። ጋሽ ዓዋሌ ለጠየቃቸው ሁሉ «ወባ ነው» ይሉ ነበር። ኢስታር የስፖርት ሳይንስ ተምራ ዛሬ መምህርት ናት፤ ጠዋት ጠዋት በአንድ ሆቴል ገንዳ ዋና ታስተምራለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ። ዓብዩ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ዋሂል ከተማ ሱቅ ከፍቷል። ጋሽዬ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ ይቀየሙኛል?»

«ጠይቂኝ እንጂ።»

«ይህ ልጅ አንድ ሊትር ውሃ ጠጥቶ ተመልሶ ቢመዘን ስንት የሚሆን ይመስልዎታል?»

ጋሽ ዓዋሌ ፈገግ አሉ። የመደብሩ ባለቤት መሪያም ግን ነገሩ ደስ አላትና ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ውሃ አቀረበች። ሙስአብ አሠልጣኙን አየ፤ እሳቸውም በአገጫቸው ፈቀዱለት። ቀስ እያለ ጨርሶ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ መርፌው ስልሳ አራት ላይ ቆመ።

«አሁን በዚህች ደቂቃ ወፈረ እንዴ?» አለች መሪያም እየሳቀች።

«አልወፈረም፤ ጠዋትም አልከሳም ነበር» አለች ኢስታር። «የወጣው ላብ ነው። ስቡ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።»

«ልጄ፣ እኔም እንዲህ እያወረድኩ ነው ያሸነፍኩት።»

«ማሸነፍዎን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በሦስተኛው ዙር እግርዎ እንዴት ነበር?»

ጋሽ ዓዋሌ በሦስተኛው ዙር እግራቸው እንደ እርሳስ ይከብድ እንደነበር ያስታውሳሉ። የቦክስ ጠባይ ነው ብለው ኖረዋል። ምክንያቱ ውሃ ጥም ሊሆን ይችላል ብሎ ያስጠረጠራቸው ሰው አልነበረም።

«ውሃ የጎደለው ሰው ቶሎ ይደክማል» ብላ ኢስታር ቀጠለች። «ጭንቅላቱ ሲመታም አደጋው ይብሳል ብለው ሐኪሞች ይሰጋሉ። ስድስት ሳምንት አለዎት፤ በየሳምንቱ ከኪሎ ያነሰ ቢቀንስ ይደርሳል። ምግቡን እናስተካክል፤ ከሩጫው ሁለት ቀን እንቀንስና በዚያ ፋንታ ይዋኝ።»

«ዋና?» አሉ ጋሽ ዓዋሌ። «ዋና መዝናኛ ነው። ውሃ ክንድ ያላላል፤ ብርድ ያስገባል። ሙስአብ የሚገጥመው ሰው ነው፣ ዓሣ አይደለም!»

መሪያም ሳቀች፤ ኢስታርም ሳቀች። «ሰኞ ጠዋት ብቅ ይበሉ፤ ለማየት ብቻ» ብላ ተሰናበተች።

ጋሽ ዓዋሌ አልሄድም ብለው ነበር። ሆኖም እሑድን የልጅቱ ትህትና ሲከነክናቸው ዋለ፤ ብትቆጣ ኖሮ ይቀላቸው ነበር። ሰኞ ጠዋት ሙስአብን ይዘው ከገንዳው ዳር ተገኙ።

ሙስአብ በልጅነቱ በኩሬ የተማራት ዋና ነበረችው። ከገንዳው ጫፍ ሁለት ጊዜ ደርሶ እንደተመለሰ ግን ጠርዙን ይዞ ቁና ቁና ይተነፍስ ጀመር።

«ምን ሆንክ? ሦስት ዙር ሙሉ የምትዘል ልጅ!»

«ወላሂ፣ ጋሼ፣ ሳንባዬ አልቋል!»

«ውሃ ውስጥ እንደፈለገው መተንፈስ አይችልም» አለች ኢስታር። «ትንፋሹን መጥኖ መያዝና ማውጣት ይማራል። ክንዱ፣ ጀርባው፣ ሆዱና እግሩ ባንድ ላይ ይሠራሉ፤ ውሃው በዞረበት ሁሉ ይታገለዋል። ክብደቱን ግን ውሃው ስለሚሸከምለት ጉልበቱ አይቀጠቀጥም። እስቲ እርስዎም ይግቡ።»

ጋሽ ዓዋሌ ብዙ ካንገራገሩ በኋላ በሽርጣቸው እስከ ደረታቸው ገቡ። አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ደገሙ። ከዘራቸው ዳር ቀርቷል፤ የጉልበታቸው ሕመም ዝም ብሏል። ገንዳውን ዞረው ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

«ኢስታር፣ ያኔ ዓብዩን የያዘው ወባ አልነበረም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሽዬ። ሐኪሙ ነግሮናል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«ዓብዩ ነው ዝም ያሰኘን። ‘የሚያውቁትን ነው ያደረጉልኝ፤ እንዳትነኩብኝ’ አለ።»

ጋሽ ዓዋሌ ውሃ በእፍኛቸው ዘግነው ፊታቸውን ታጠቡ፤ ቆየት ብለውም ደገሙ። በዚያው ሳምንት ዋሂል ወርደው ዓብዩን ይቅርታ ጠየቁት። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም፤ ጋሽ ዓዋሌ ሲመለሱ ግን በመጋዘኑ የነበረውን ላስቲክ ሁሉ ሰብስበው ጣሉ።

ከዚያ ወዲያ ሙስአብ ሦስት ቀን ይሮጣል፤ ሁለት ቀን ይዋኛል፤ የጓንቱ ልምምድ ግን እንደነበረው ቀጠለ፤ ዋና ቡጢ አያስተምርምና። በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ ስልሳ ሁለት ተኩል ላይ ተገትሮ አልወርድ አለ። ጋሽ ዓዋሌም «ይኸው ውሃሽ!» ብለው አኮረፉ። ኋላ ሲጣራ፣ ሙስአብ ከገንዳው እንደወጣ ስለሚርበው ሁለት ሳህን ፉል በዳቦ ጠርጎ፣ በላዩ ለስላሳ ይጨምርበት ኖሯል። ዋና ምግብ እንደሚያስከጅል ኢስታር አስረዳች። ፉሉ አንድ ሳህን ሆነ፤ ለስላሳው ቀረ፤ ሚዛኑም ተንቀሳቀሰ።

በመመዘኛው ዕለት ሙስአብ ውሃውን ጠጥቶ ስልሳ ኪሎ ሊሞላ ሦስት መቶ ግራም ሲቀረው ተመዘነ። ሁለት ግጥሚያ አሸነፈ። በፍጻሜው በልምድ የሚበልጠው ቦክሰኛ በጥቂት ነጥብ ረታው፤ ነገር ግን የመጨረሻው ደወል ሲደወል ሙስአብ ገና በእግሩ ጣቶች ይዘል ነበር።

ሌሎቹ አሠልጣኞች ጋሽ ዓዋሌን ከበው «ምን መድኃኒት ሰጥተኸው ነው?» አሏቸው።

«ውሃ» አሉ ጋሽ ዓዋሌ። «እንዲጠጣው ፈቀድኩለት፤ እንዲዋኝበትም ላክሁት። ስቡ በስድስት ሳምንት ቀስ ብሎ ወረደ፤ ኃይሉ አብሮት አልወረደም። ትንፋሹ ረዘመ፤ ጉልበቱ ዳነ፤ ኩላሊቱም ለእርጅናው ይቆየዋል። ልጆቻችሁን በላስቲክ አታድርቋቸው። እኔ ይህን ለማወቅ ሠላሳ ዓመትና የአንድ ልጅ ጤና ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ግን ዛሬ በነጻ ሰማችሁት።»