አባ ጆሮና የማያባራው ጩኸት

ሰው በቀን ብርሃን የኤሌክትሪክ ምሰሶ አቅፎ ሲገኝ፣ ወይ ጠጥቷል ወይ ዞሮበታል ይባላል። አባ ጆሮ ግን መጠጥ በደጃቸው የማያልፍ፣ ስልሳን በጤና የተሻገሩ፣ የድስት ሠሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ነበሩ። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ከአጥራቸው ጥግ በቆመው ምሰሶ ላይ ቀኝ ጆሯቸውን ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ የእህታቸው ልጅ ደረሰችባቸው። ልጅቱ የጆሮ ሐኪም ናት። በዚያ በኩል እግር ጥሏት እንጂ እሳቸውን ፍለጋ አልመጣችም።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ? ምሰሶው ምን አለዎት?» አለች፣ ሳቋን እንደምንም ይዛ።

አባ ጆሮ ደንገጥ ብለው ኮታቸውን አራገፉ። ሊዋሹ አስበው ነበር፤ ግን ለብዙ ወራት ሆድ ይፍጀው ብለው የያዙት ነገር ከብዷቸው ኖሮ ሳያስቡት ተናገሩት። ይጮሃል አሏት። ሲበሉ ይጮሃል፣ ሲሠሩ ይጮሃል፣ ጋደም ሲሉማ ይብሳል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ማብቂያ የሌለው ድምፅ ነው። በመጀመሪያ ማቀዝቀዣውን ጠርጥረው ከሶኬቱ ነቀሉት፤ ወተቱ ተበላሸ እንጂ ድምፁ አልቆመም። ቀጥለው የውሃ ቆጣሪውን በብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ሚስታቸው ምንም አይሰማኝም ባሉ ቁጥር አባ ጆሮ እሳቸውንም በጎሪጥ ማየት ጀምረው ነበር። የቀረው ይህ ምሰሶ ነው፤ እሱም ጭጭ ብሏል። እንግዲህ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፍቷቸዋል።

አባ ጆሮ የሚለው ስም በከንቱ አልወጣላቸውም። ድስት ሠሪ አሉሚኒየሙን አቅልጦ፣ በቅርጹ አፍስሶ፣ ድስቱን ካወጣ በኋላ በገመድ አንጠልጥሎ በጣቱ አጥንት ኳ ያደርገዋል። ደህናው ድስት ጥርት ያለ ረጅም ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይሻክራል፣ ቶሎም ይሞታል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ በጆሮ ለመያዝ ከእሳቸው የሚስተካከል አልነበረም። የትምህርት ቤትና የሆቴል ወጥ ቤቶች አባ ጆሮ ኳ ያላደረጉትን ድስት አንገዛም እስከ ማለት ደርሰዋል። እንዲህ ላለ ሰው ጆሮዬን ታመምኩ ማለት ሞት ነው።

ይህም ሳይበቃ ሌላ ጣጣ ተጨመረ። ጆሮ ሲጮህ ሰው እያማ ነው ሲባል ሰምተው ያደጉ ናቸውና፣ ማቀዝቀዣውም ቆጣሪውም ነጻ ሲወጡ ሐሜተኛ ፍለጋ ገቡ። ሳይታክት ይህን ያህል የሚያማ ሰው ገመናቸውን ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆን አለበት። ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው ጥርጣሬያቸው ጎረቤታቸው ላይ አረፈ። ጎረቤታቸው ሞረድ ከእጃቸው ስለማይለይ ጋሽ ሞረዱ ይባላሉ። አባ ጆሮ ድስቱን ያፈሳሉ፣ ጋሽ ሞረዱ ጠርዙን ያለሰልሳሉ፤ በአንድ ግድግዳ ተጠግተው አብረው ያረጁ ናቸው። አባ ጆሮ እኚህን ሰው ሰላምታ ነፈጓቸው። ጋሽ ሞረዱም ምን አጠፋሁ ብለው አልጠየቁም፤ እንዲያውም እሳቸውም ፊታቸውን አዞሩ። ይህም ለአባ ጆሮ በቂ ማስረጃ ሆነ። ጥርጣሬ ዳኛም ምስክርም ራሱ ነው፤ ማንም አይመልሰውም።

ሐኪሟ ሁሉንም አዳምጣ ስትጨርስ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ድምፁ ከምሰሶው አይደለም፣ ከሰው አፍም አይደለም። ከራስዎ ነው የሚመጣው። ባለፈው ሳምንት ማኅበራችሁ ድረስ መጥተን የለመንናችሁ እኮ ስለዚሁ ሕመም ነበር።»

እውነቷን ነው። ማኅበሩ ለአዲስ የብረት በር ካጠራቀመው ተቀማጭ ከፊሉን ለጆሮ ጩኸት ምርምር እንዲሰጥ፣ አባላቱም ጆሯቸውን እንዲያስመረምሩ ከባልደረቦቿ ጋር መጥታ ጠይቃ ነበር። አባ ጆሮም በትሕትና «እናስብበታለን» ብለው ሸኟቸው። እናስብበታለን ማለት አይሆንም ማለት መሆኑን የማያውቅ የለም። ማኅበሩ ተሰብስቦ የሚወስነው ደግሞ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር።

ወደ ሥራ ቤታቸው እየሄዱ አባ ጆሮ መድኃኒቱን ጠየቋት። ጨርሶ የሚያጠፋው እስካሁን እንዳልተገኘ ነገረቻቸው። መንገዱ መሐል ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ከኋላቸው ጋሪ የሚገፋው ሰውዬ ሊገጫቸው ምንም አልቀረው።

«ቆይ እስቲ፣ ልጄ፣ ግራ አታጋቢኝ። መድኃኒት የለንም ትላላችሁ፣ ደግሞ ገንዘብ አምጡ ትላላችሁ። እኔ ድስት የለኝም እያልኩ የድስት ዋጋ ብቀበል ሌባ ነው የምትሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።»

«ሌባማ ሳይኖረው አለኝ የሚል ነው፣ ጋሼ። እኛ የሌለንን የለንም ነው ያልነው። ጩኸቱን ችሎ ለመኖር የሚያግዝ ምክር አለ። መስማት ለቀነሰበት ሰው የማዳመጫ መሣሪያ አለ፤ ብዙዎች ቀለል ይላቸዋል። የማይቀላቸውም አሉ። ለእነሱ ነው የምንፈልገው።»

«ለመሆኑ ከምንድነው የሚመጣው?»

«ሥራ ቤት ውስጥ ቀን ከቀን የምትሰሙት የመዶሻ ድምፅ ጆሮን እየጎዳ ሲሄድ ቀጭኑ ድምፅ መሰማቱ ይቀራል። ያን ጊዜ አንጎል የቀረበትን ድምፅ ራሱ ይሠራል የሚሉ አሉ። ግን እርግጠኛ አይደለንም። አንዱን ይዞ ሌላውን ለምን እንደሚተው አናውቅም።»

አባ ጆሮ ይብስ ዞረባቸው። በዕድሜያቸው አናውቅም የሚል ሐኪም አጋጥሟቸው አያውቅም፤ ሐኪም ማለት ሳያውቅም ቢሆን ጽፎ የሚሰጥ ሰው ነው ብለው ነው የኖሩት። ይህችን ልጅ ለማመን ከበዳቸው፤ እንዳያምኗት ደግሞ አላውቅም ብሎ እንዲህ ደፍሮ የሚናገር ውሸታም የለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አለቻቸው።

«ያልደበቀውስ አገኘ? አሁን አንቺው አይደለሽም የለም ያልሽኝ?»

ሐኪሟ ወደ ሥራ ቤቱ መንገዷን ቀጠለች። አባ ጆሮም በክርክር ማሸነፋቸው ደስ ሊላቸው ሲገባ ጭራሽ ከፋቸው።

ሥራ ቤት ሲገቡ፣ ለአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት የሚላክ ትልቅ ድስት በገመድ ተንጠልጥሎ ነበር። አባ ጆሮ ይህን ጊዜ ነቃ አሉ። ጆሮዬ ቢጮህም ሥራዬን አልበደለም፣ እንዲያውም ተመልከቺ ብለው ድስቱን ኳ አደረጉት። ጥርት ያለ ረጅም ድምፅ ሰሙ። «ሰማሽ?» አሏት በኩራት። እሷ የሰማችው ሌላ ነበር፤ ግን ከአጎቷ ጋር በጆሮ መፎካከሩን አልፈለገችውም። ሳይቀየሙኝ ውሃ እንሙላበት አለች። ትልቅ ድፍረት ነበር፤ አባ ጆሮ ያለፉትን ድስት በውሃ የሞከረ ሰው አልነበረም። ቢሆንም ሞሉት።

ጥቂት ቆይቶ ከድስቱ ሥር አንዲት ጠብታ ወረደች። አባ ጆሮ በመሐረባቸው ጠረጓት። ሌላ ወረደች። ውሃውን ደፍተው፣ አንጠልጥለው እንደገና ኳ አደረጉት። ድምፁ ያው ጥርት ያለው ነው። ድስቱን በመዳፋቸው ያዙት፤ የተያዘ ድስት ዝም ይላል። ጥርት ያለው ድምፅ ግን ቀጠለ። ያን ጊዜ ገባቸው፤ ሲሰሙ የከረሙት የድስቱን ድምፅ አልነበረም። የተሰነጠቀው ሁሉ ደህና ሆኖ የተሰማቸው የራሳቸው ጆሮ ስለሚጮህላቸው ነው።

በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ይህ ድስት የፈላ ሾርባ ሞልቶ ምድጃ ላይ ቢፈነዳ አጠገቡ የሚቆሙት ልጆች ናቸው። ከዚህ በፊት ያለፉትስ? የትኛው ደህና፣ የትኛው ስንጥቅ እንደሆነ አሁን ማን ይነግራቸዋል? ፈሩ፣ አፈሩም።

«እንግዲህ ይህን ባወራ ማን ድስቴን ይገዛል?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «ምርምሩ ቀርቶ በሩን በሩን ያልኩት ለዚህ ነው። በሩ ቢቀር ምን ገዶኝ። ጆሮ ይመርመር ሲባል የመጀመሪያው የእኔ ሊሆን ነው ብዬ ነው።»

ሐኪሟ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ስለ በሽታው ማውራቱን ትታ ስለ ድስት ጠየቀቻቸው። አሉሚኒየም ማፍሰስ የጀመሩ ሰሞን የሚወጣው ሁሉ እየተሰነጠቀ አስቸግሮ ነበር ብለው በልጅነቷ ያወሯት ትዝ ብሏት ነበር።

«አዎ» አሉ። «ቅርጹ እርጥበት ይዞ ይሁን፣ ብረቱ ቆሽሾ ይሁን፣ የሚያውቅ አልነበረም። ክምር ድስት አበላሽተን ነው መላውን ያገኘነው።»

«የተበላሸውን ማን ከፈለ?»

«አሠሪዬ ነዋ፤ ነፍሱን ይማረው። ሰው ሁሉ ሞኝ ይለው ነበር። ገንዘቡን እሳት ውስጥ ይጥላል ይሉት ነበር።»

«እኛም የምንፈልገው የሚሰነጠቀውን የሚከፍልልን ሰው ነው፣ ጋሼ። የመጀመሪያው ሙከራ ይሰነጠቃል፤ ሁለተኛውም ይሰነጠቅ ይሆናል። ግን ያን ያልከፈለ ሦስተኛውን አያየውም። ድምፅ የማያስገባ መመርመሪያ ክፍል የለንም፤ ዓመት ከዓመት የምንከታተላቸው ሰዎች የሉንም። አልዋሽዎትም፤ ለእርስዎ ላይደርስ ይችላል።»

«ለአሠሪዬም አልደረሰለት» አሉ አባ ጆሮ። ብድግ ብለው ወጡና በግድግዳው ዞረው ጋሽ ሞረዱ ዘንድ ገቡ።

ጋሽ ሞረዱ ሞረዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። አባ ጆሮ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ጠየቁ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ስታማኝ ከርመሃል?»

«እኔ?» ጋሽ ሞረዱ ሞረዱን አስቀመጡ። «አንተ አይደለህም እንዴ ስታማኝ የከረምከው? ይኸው ግራ ጆሮዬን ስታስጮኸው ዕረፍት አላገኘሁም። ሰላምታህን ስትነሳኝ ደግሞ፣ አበስኩ ገበርኩ፣ ለካ እውነት ነው አልኩ።»

ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩ። መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ሞረዱ ናቸው፤ አባ ጆሮ ግን ሊስቁ አፋቸውን ከፍተው ዕንባ ቀደማቸው። ባልተደረገ ሐሜት፣ ባልተነገረ ነገር ወዳጃቸውን ጥለው መክረማቸው አንጀታቸውን በላው። በሽታን ካለማወቅ የሚመጣው ጉዳት ከበሽታው የሚብስ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ አዳራሽ ሞላ። አባ ጆሮ ሲነሱ ሰው ሁሉ ስለ በሩ ቀለም ሊናገሩ ነው ብሎ ጠብቆ ነበር። እሳቸው ግን ጆሮው የሚጮህበት እጁን ያውጣ አሉ። ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። አባ ጆሮ የራሳቸውን እጅ አነሱ። ጋሽ ሞረዱ ተከተሉ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ፣ ከመስኮቱ ሥር ሁለት፣ እያለ ከተሰበሰበው ግማሹ እጁን አወጣ። አጠገብ ለአጠገብ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች አንዱ የአንዱን እጅ በድንጋጤ ያየው ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አሉ አባ ጆሮ። «ያልደበቀውም ገና አላገኘም። ግን ሁላችን ከደበቅነው ማን ይፈልገዋል? እኔ ዛሬ የተሰነጠቀ ድስት ደህና ነው ብዬ ለልጆች ልልክ ነበር።»

አንዱ፣ በሩስ ምን ሊሆን ነው ብሎ ጠየቀ። አሮጌው ይዘጋል ወይስ አይዘጋም ብለው መለሱለት። ይዘጋል አለ። እንግዲያው ይቆየን አሉት፤ ሰውም ሳቀ፤ ተወሰነ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላስረዳ። ማኅበሩ ለምርምሩ አዋጣ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ድምፅ የማያስገባው ክፍል ተሠራ፤ ድስት ሠሪዎቹም በየተራ እየገቡ ይመረመራሉ። መዶሻ የሚይዝ ሁሉ ጆሮውን ሸፍኖ ይሠራል፤ የአሁኖቹ ወጣቶች የሽማግሎቹን ዕዳ አይወርሱም። ድስት በጆሮ ብቻ ማለፉ ቀርቶ በውሃ ይሞከራል። አባ ጆሮ በየወጥ ቤቱ ዞረው የቀድሞ ድስቶቻቸውን በውሃ እየሞከሩ፣ ያፈሰሰውን መልሰው በነጻ ለወጡ። ስማቸው ይጠፋል ብለው ፈርተው ነበር፤ ገዢው ግን ጨመረ። መድኃኒቱ አልተገኘም። ሐኪሟ አንድ ሙከራቸው እንዳልተሳካ ልትነግራቸው አፍራ ስትመጣ፣ አባ ጆሮ «አንድ ተሰነጠቀ፤ ቀጥሉ» አሏት።

ጆሯቸው ዛሬም ይጮሃል። አንዳንዴ ሲነቁ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ለአፍታ ግራ ይገባቸውና ማቀዝቀዣውን ያዩታል። ከዚያ ለባብሰው ይወጣሉ፤ ጋሽ ሞረዱ በራፍ ላይ ቆም ብለው፣

«ዛሬም እያማኸኝ ነው» ይላሉ።

ጋሽ ሞረዱም ከሞረዳቸው ቀና ሳይሉ «አንተ ስትተው እተዋለሁ፤ ግባ» ይሏቸዋል። አባ ጆሮም ይገባሉ።