ለብ ያለ ውሃ

ይግቡ እትዬ ሽታዬ፣ ይግቡ! ጫማዎን አያውልቁ፤ ወለሉ ጭቃ ለምዷል። የዘንድሮ የአዋሳ ዝናብ ደግሞ… ከባህል አዳራሽ እዚህ ድረስ በእግርዎ መጡ? እኔን! እዚህ ይቀመጡ፣ ከቡፌው ፊት ለፊት።

ምን አዩ? እሷን? አዎ፣ አዲሷ ናት። ያው አመሌን ያውቁት የለ፤ ሰው ልጅ ወልዶ ያሳድጋል፣ እኔ የሸክላ ድመትና የመስታወት ዝሆን ሰብስቤ አቧራ እጠርጋለሁ። ይቺኛዋ ፕላስቲክ ናት፣ ዳንሰኛ አሻንጉሊት። ከምሥራቅ ጀርመን ነው የመጣችልኝ። ያመጣልኝ… አንድ ሰው ነው። እርስዎ አያውቁትም። ቢያውቁት ኖሮ ስለሱ አንድ ነገር ቀድመው ሹክ ይሉኝ አልነበር?

በጣም ጥሩ ሰው ነው። ለትምህርት ሲሄድ "ስመለስ ሽማግሌ እልካለሁ" አለኝ። ተመልሶ መጣና እሷን ከሻንጣው ሲያወጣት፣ እግሯ ሆዷ ላይ ተጣጥፎ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ዞሮ… "መንገድ ላይ ዕቃ ተጭኗት ነው" አለኝ። አመንኩት። እኔ ምን የማላምነው አለ? ቀበሌ "ነገ ስኳር ይመጣል" ሲል ዘንቢል ይዤ ከሁሉ ቀድሜ የምሰለፈው እኔ አይደለሁ?

እዚሁ ቤቴ ላቃናት ተነሳሁ። ሽሮ እንኳ የሚያርርብኝ ሴትዮ ሐኪም ሆንኩልዎ! ውሃ አንተክትኬ ነከርኳት። ለሰለሰች። እግሯን ሳብ… ሳብ… መቼ ማቆም እንዳለብኝ አውቄ መቼ አውቃለሁ! አንዱ ከሌላው ረዘመ። በእርሳስ ደግፌ በክር አሰርኩት፤ ስፈታው ኳስ የምትለጋ መሰለች። አንገቷም ባዞረው ባዞረው፣ የሚመጣ ሰው እንዳላት ሁሉ ወደ በሩ ታያለች። ቁርጥ እመቤቷን!

መሥሪያ ቤት አብራኝ ያለችው ፍቅርተማርያም ናት "ልክ እንደሷ ያለች ታቦር ተራራ ግርጌ አንድ ቤት አይቻለሁ፤ ሄደሽ አስተያይተሽ አስተካክያት" ያለችኝ። እኔ ደግሞ ምክር እሰማለሁ። በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ። የቤቱ ልጅ እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችዎ! ሻይ አቀረበችልኝ። የእሷ ዳንሰኛ ሬዲዮኑ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ዕቃ የተጫናት አትመስልም። የእኔን አጠገቧ አቁሜ፣ ተንበርክኬ፣ የአሻንጉሊት እግር በክር እለካለሁ! "ከየት አገኘሻት?" አልኳት። "እጮኛዬ ነው ከጀርመን ያመጣልኝ። አንዲት ብቻ ነበረች አለኝ" አለች። እውነቱን ነው፤ ቀጥ ያለችው አንዲት ብቻ ነበረች።

ቀና ስል ወንበሩ ላይ ግራጫ ኮት ተሰቅሏል። አንዱ ቁልፍ በቡኒ ክር ነው የተተከለው… ጥቁር ክር አጥቼ እኔው የተከልኩት። ሽማግሌውንማ ልኳል እኮ እትዬ! ቤት ተሳስቶ ነው እንጂ።

ወዲያው ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ከጓዳ ብቅ አለ። "ጓድ ሙሉጌጥ! ምነው፣ በሰላም ነው?" "በሰላም ነው፤ እግር ላቃና መጥቼ ነው" አልኩት፣ እንደተንበረከክሁ። ይደነግጣል ብለው ነው? አሻንጉሊቷን ተቀብሎ አገላብጦ አየና "ውሃሽ በጣም ፈልቶ ነው። ለብ ያለ ነው የሚያስፈልጋት" አለኝ። አመሰገንኩት። እውነቴን ነው፣ እጅ ነስቼ አመሰገንኩት! ከዚያ ወደ ቤቴ የምሄድ መስሎኝ ሐይቁ ዳር ስደርስ ነው መንገድ መሳቴን ያወቅሁት። አንዱ አሣ አጥማጅ "እህት፣ ምን ሆንሽ?" ሲለኝ ፊቴን ልጠርግ እሷን የጠቀለልኩበትን መሐረብ ባነሳ፣ ያ የረዘመ እግሯ ዓይኔን ወጋኝ። "አሻንጉሊት ወግታኝ ነው የማለቅሰው" አልኩት። ሰውዬው ሸሸኝ።

ምክሩ ግን ትክክል ነው! ለብ ባለ ውሃ ነከርኳት፤ ይኸው ቆመች። ለብ ማለትንማ ማን እንደሱ ያውቃል? አይሞቅም፣ አይቀዘቅዝም፤ ለሁለት ቤት ይበቃል።

ምነው ላብ አጠመቀዎ? መስኮቱን ልክፈት? ከቦርሳዎ የሚያወጡት ደግሞ ምንድን ነው… ካርድ? የሠርግ? የወንድምዎ ልጅ ሊያገባ! እሰይ! "ቂም እንዳትይዝብኝ" ብሎ ነው የላከዎ? ቂም? እኔ? በምን ምክንያት? ሙሽሪትም የታቦር ልጅ… አይ አጋጣሚ!

እመጣለሁ እንጂ! እልልታዬንም አልነፍግም። እስከዚያ ምርቃቴን ያድርሱልኝ። ትዳራቸውን ያጽናላቸው። ቤታቸው በልጅ ይሙላ። የመጀመሪያዋ ሴት ትሁን፤ እንደ እናቷ የዋህ፣ እንደ እናቷ ሰው አማኝ። ዓይን ዓይኗን እያዩ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያብቋት። ያን ጊዜ እግዚአብሔር ቁርጥ አባቷን የመሰለ ባል ይስጣት። አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ…