አባል ያልበረከተለት ባንድ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ያስጠረጥር ነበር። አትሳቁ! አሰላ ውስጥ በቀበሌው ኪነት ስም አዳራሹ ውስጥ እንለማመዳለን፤ እኔ ቤዝ ጊታር ነኝ፣ ተፈራ የሚባል ጓደኛዬ ሊድ ጊታር ነው። ታዲያ ይሄ ተፈራ የጊታሩን ክር በሳርዲን ቆርቆሮ እያሸ የወፍጮ ቤት ድምፅ ያወጣላችኋል፤ እሱ «ሮክ ነው» ይላል፣ እኛም ሮክ ነው እንላለን። እና አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ መጣ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰማ፣ ሰማና፣

«ጓድ፣ ግጥሙ የታለ?»

«ግጥም የለውም ጓድ።»

«ታዲያ ምን ልትደብቁበት ነው?»

በሳምንቱ ተፈራ የለም። ወሰዱት አሉ፤ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? በሱ ቦታ ገመቹ የሚባል የበቆጂ ልጅ ተመደበልን። ዝምተኛ ነው፤ እና ዝምታው ራሱ አላምር አለን። ከበሮ መቺያችን ከድር ጠጋ ይለኝና፣ «ወላሂ ይሄ ልጅ ጆሮ ጠቢ ነው፣ ተጠንቀቅ» ይለኛል። ታዲያ ብዙም ሳይቆይ ከድርን ራሱን ለብሔራዊ ውትድርና አፈሱት። ኦርጋን ተጫዋቹ ይሄን ሲያይ «ዴራ ዘመድ ልጠይቅ» ብሎ በዚያው ቀረ። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር እኔ ከእግሩ እስከ ራሱ አየዋለሁ፣ በሆዴ፣ ይሄንንስ ማን ላከው እላለሁ።

እና አንድ ቀን ስገባ ሁሉም መጫወቱን አቆሙ። የተናገረው ያ ዝምተኛው ገመቹ ነው።

«ስማ ወንድሜ፣ የድሮዎቹ ሁሉ ሄዱ። አንተ ብቻ ለምን ቀረህ?»

ክው አልኩላችሁ! ያኔ ጆሮ ጠቢ ከተባልክ አለቀልህ እኮ።

«የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ የሚያሠራው ከኔ ሌላ የለም፤ እኔን ቢወስዱ ስብሰባው ድዳ ይሆናል» አልኩት።

«እሱማ፣ በየስብሰባው ካድሬው ጎን ስትቆም እናይሃለን» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል፤ እንዴት እንደሚያንገበግብ! በመጨረሻ ባንዱን ተውኩላቸው፣ ወጣሁ። ታዲያ እኔ በወጣሁ ማግስት ገመቹን ወሰዱት። ከተማው ምን አለ መሰላችሁ? «ተበቀለው!» እናቱ ከበቆጂ ድረስ መጥታ ደጄ ላይ ቆመች፣ «ልጄን የት አደረስከው?» አለችኝ። እኔ ምን አውቄ፣ ልጆቼ? ምን አውቄ?

(ከአድማጮቹ አንዱ፦) «ግን አባባ፣ ካድሬው እርስዎን አንድም ቀን ስለነሱ ጠይቆዎት አያውቅም?»

«ይኸው! አንተም ጀመርከኝ?» ብለው ሳቁ፤ ከሳቸው ጋር የሳቀ ግን አልነበረም።